ቢጫዋ ወፍ የማን ዘመድ ናት?

በሳይንስ ክፍለ ጊዜ ስለ እንስሳት አመዳደብ ስንማር መምህራችን ምሳሌ ያደረጉልን ድመትና አንበሳን ነበር። እኔ ደግሞ ወፍ መረጥኩ።

ገላዋ ደማቅ ቢጫ፣ ራሷና ጉሮሮዋ ጥቁር፣ ምንቃሯ ቀላ ያለ ወፍ አለች። የምትገኘው በኢትዮጵያና በኤርትራ ብቻ ነው፤ ለምሳሌ ወንዶ ገነት ደን ውስጥ አለች። ዛፍ ላይ ሆና ስትዘምር ዋሽንት ነው የምትመስለው። ችግሩ ብዙ ልጆች «ቢጫ ወፍ» የሚሉት እሷንም ሸማኔ ወፍንም ነው። ወንዱ ሸማኔ ወፍም ቢጫ ሆኖ ራሱ ጥቁር ነዋ! ሸማኔ ወፍ በመንጋ እህል ላይ ስለሚወርድ ወንጭፍ ይነሳበታል። እሷ ግን የምትበላው የዛፍ ፍሬና አባጨጓሬ ነው። ባልበላችው እህል ትመታለች።

እስቲ እንመድባት። ስፍኗ እንስሳት፣ መደቧ አእዋፍ ነው። እዚህ ድረስ ዶሮም አብራት አለች። ክፍለ መደቧ ወይም ኦርደሯ ፓሰሪፎርመስ ይባላል። ከዓለም የወፍ ዝርያዎች ከግማሽ በላይ የሚሆኑት እዚህ ውስጥ ናቸው። እግራቸውን እዩ፦ ሦስት ጣት ወደ ፊት፣ አንድ ወደ ኋላ፣ ሁሉም ከእኩል ቦታ ይነሳሉ፤ ቅርንጫፍ ጥብቅ አድርገው ይይዙበታል። የዶሮ የኋላ ጣት ግን ከፍ ብሎ ነው የሚበቅለው። ሸማኔ ወፍም እዚሁ ኦርደር ውስጥ ነው። የሚለያዩት ፋሚሊ ላይ ሲደርሱ ነው፤ የእሷ ኦሪዮሊደ፣ የሱ ፕሎሲደ ይባላል።

የሚገርመው ደግሞ ይኸውላችሁ። ሳይንቲስቶች ዲኤንኤ ሲመረምሩ ቢጫዋ ወፍ ከሸማኔ ወፍ ይልቅ ለቁራ ትቀርባለች። አዎ፣ ለቁራ! ድምፃቸውን ብቻ ሰምቶ ማን ያምናል?

ሳይንሳዊ ስሟ ኦሪዮለስ ሞናካ ነው። «ሞናካ» ያላት ጀርመናዊው ግመሊን ሲሆን ጊዜውም እ.ኤ.አ. 1789 ነው። ቃሉ በላቲን መነኩሲት ማለት ነው፤ ጥቁር ራሷ ቆብ ያደረገች ያስመስላታል። የኛ «መነኩሴ»ም ከግሪክ የመጣ የዚሁ ቃል ዘመድ ነው።

በሩቅ ለመለየት ምንቃሯን ተመልከቱ። የሸማኔ ወፍ ምንቃር አጭርና ወፍራም ነው፣ እህል ይፈለፍልበታል። የሷ ረዘም ያለና ቀላ ያለ ነው። ወንጭፍ የያዘ ወንድም ያላችሁ ይህን ገጽ አሳዩት።

ከ7ኛ «ለ» ክፍል