ስንት ጊዜ ተጠቀሰ? የአንድ ተመራማሪ ሥራ በምን ይለካል?

ባለፈው ሴሚስተር የሳይንስ ዘገባ አጻጻፍ ስንማር መምህራችን «አንድ ተመራማሪ ምረጡና ሥራው ምን ያህል እንደሚጠቀስ፣ ለምንስ እንደሚጠቀስ አጥንታችሁ ኑ» ብለው የቤት ሥራ ሰጡን። እኔ የቴፒ ልጅ ነኝ። አክስቴ ከጥቂት ዓመታት በፊት የጡት ካንሰር ታማ አዲስ አበባ ታክማ ተመልሳለች። ዛሬ ቡናዋን ትለቅማለች። ስለዚህ ካንሰርን መረጥኩ፤ በተለይም ከካንሰር ሕክምና በኋላ ስላለው ሕይወት የሚጽፍ ሰው ፈለግኩ።

ያገኘሁት ሰው ዶክተር አህመዲን ጀማል ይባላሉ። ትውልደ ኢትዮጵያዊ ናቸው። መነሻቸው የእንስሳት ሕክምና ሲሆን በኋላ ወደ ኤፒዲሚዮሎጂ ተሻግረው በአሜሪካ የካንሰር ማኅበር ውስጥ ለረጅም ዓመታት ሠርተዋል። በዓለም እጅግ ከሚጠቀሱ ተመራማሪዎች ዝርዝር ውስጥ ስማቸው በተደጋጋሚ ሰፍሯል።

መለኪያዎቹ

መጠቀስ ማለት ሌላ ጸሐፊ በጥናቱ ውስጥ «ይህን ከእገሌ ወሰድኩ» ብሎ ማስፈሩ ነው። ዩጂን ጋርፊልድ የተባለ አሜሪካዊ እ.ኤ.አ. በ1964 የሳይንስ ጥቅሶችን ማውጫ ማሳተም ከጀመረ ወዲህ ማን ማንን እንደጠቀሰ መቁጠር ቀላል ሆነ። እ.ኤ.አ. በ2005 ደግሞ ሆርሄ ሂርሽ የተባለ የፊዚክስ ሊቅ «ኤች ኢንዴክስ» የተሰኘ መለኪያ አቀረበ።

እንዴት ይሠራል? በእኛ አገር ቡና ላስረዳ። አንድ ገበሬ እያንዳንዳቸው ቢያንስ 10 ኪሎ የሚሰጡ 10 ዛፎች ካሉት ቁጥሩ 10 ነው። አንድ ብቻ ዛፍ ኖሮት 100 ኪሎ ቢለቅምበትም ቁጥሩ 1 ነው። መቶ ዛፍ ተክሎ እያንዳንዱ አንድ አንድ ኪሎ ቢሰጠውም ያው 1 ነው። ዛፉ ጥናቱ፣ ኪሎው መጠቀሱ ነው። ብዙ መጻፍ ብቻውን፣ አንድ ጊዜ መታወቅም ብቻውን አይበቃም ማለት ነው።

ለምን ይህን ያህል ተጠቀሱ?

ዶክተር አህመዲን ብዙ ጊዜ የሚያሳትሙበት የማኅበሩ መጽሔት በ2020 እ.ኤ.አ. የነበረው ኢምፓክት ፋክተር 508.7 ነበር። በሁለቱ ቀዳሚ ዓመታት የወጣ እያንዳንዱ ጽሑፍ በዚያ ዓመት በአማካይ ከ500 ጊዜ በላይ ተጠቅሷል እንደማለት ነው። ምክንያቱ ግልጽ ነው። ስለ ካንሰር የሚጽፍ ሰው መግቢያው ላይ «በዓለም በዓመት ይህን ያህል ሰው ይታመማል» ማለት አለበት። ለምሳሌ እሳቸው ከባልደረቦቻቸው ጋር በ2011 እ.ኤ.አ. ያወጡት ጽሑፍ በ2008 ወደ 12.7 ሚሊዮን አዲስ ታማሚዎችና 7.6 ሚሊዮን ሟቾች እንደነበሩ ይገምታል። ሁሉም ከዚያ ቀዳ።

እዚህ ላይ እኛ ተማሪዎች መጠንቀቅ አለብን። መጠቀስ ጠቃሚነትን ያሳያል እንጂ ጥልቀትን አይለካም። ከምንጭ ብዙ ሰው ቀዳ ማለት ውኃው ተመረመረ ማለት አይደለም።

በሕይወት ያሉትን መቁጠር

ዶክተር አህመዲን የተሳተፉበት ሌላ ተከታታይ ጽሑፍ ካንሰር ይዟቸው በሕይወት ያሉትን ይቆጥራል። በ2022 እ.ኤ.አ. መግቢያ ላይ በአሜሪካ ቁጥራቸው ከ18 ሚሊዮን በላይ ነበር። እዚያ እንዲህ መቁጠር የተቻለው የካንሰር መዝገብና የሞት መዝገብ ስላለ ነው።

በእኛ አገርስ? በ2014 እ.ኤ.አ. ጀርመናዊቷ ኢቫ ካንተልሃርት ከኢትዮጵያውያን ሐኪሞችና ከዶክተር አህመዲን ጋር አንድ ጥናት አሳተሙ። ከ2005 እስከ 2010 አዲስ አበባ የታከሙ 1,070 የጡት ካንሰር ታማሚ ሴቶችን ይመለከታል። በሽታው ሲገኝ ገና ወደ ሩቅ የሰውነት ክፍል ካልተዛመተባቸው መካከል ከሁለት ዓመት በኋላም ሳይዛመትባቸው የቆዩት 74 በመቶ ናቸው ተብሎ ተገመተ። ነገር ግን ክትትል ያቋረጡት ሁሉ ተባብሶባቸዋል ተብሎ ቢታሰብ ቁጥሩ ወደ 46 በመቶ ይወርዳል።

ይህን ሳነብ ቆም አልኩ። በ74 እና በ46 መካከል ያሉት እነማን ናቸው? በዚያን ጊዜ በአገሪቱ የጨረር ሕክምና የነበረው አዲስ አበባ ብቻ ነው። ከቴፒ ወይም ከሚዛን ተፈሪ ለሚመጣ ሰው መንገዱ ከ500 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። አክስቴ በዚያ ጥናት ውስጥ የለችም፤ የታመመችው በኋላ ነው። ግን እሷም ለክትትል ሁለቴ ሄዳ አቆመች። «ደህና ነኝ፣ ለምን ገንዘብ አወጣለሁ?» ትላለች። ካርዷ ላይ የሰፈረው ስልክ የአጎቴ ነበር፤ ዛሬ አይሠራም። ቢደወልላት አትገኝም። በሕይወት ያለች ሴት ወረቀት ላይ የጠፋች ናት።

ለእኛ ምን ትምህርት አለው?

ይህ የ1,070ዎቹ ጥናት ከእነዚያ ታላላቅ የስታቲስቲክስ ጽሑፎች አንጻር የተጠቀሰው በጣም ጥቂት ነው። ለእኛ አገር ግን የሚናገረው ብዙ ነው። ስለዚህ አንድ ጋዜጠኛ ስለ ተመራማሪ ሲጽፍ ስንት ጊዜ ተጠቀሰ ከማለት ባሻገር ለምን ተጠቀሰ፣ ቁጥሩስ ማንን ሳይቆጥር ቀረ ብሎ መጠየቅ ያለበት ይመስለኛል። በተለይ ጥናቱ ራሱ ሁለቱንም ቁጥር በግልጽ ካስቀመጠ አንዱን ብቻ መርጦ መዘገብ አንባቢን ማሳሳት ነው።

ለእረፍት ቴፒ ስሄድ አክስቴን ካርዷን አስወጣኋት። የማይሠራውን ቁጥር ሰርዤ የእኔን ጻፍኩበት፤ ለሆስፒታሉም ደውዬ እንዲያስተካክሉት ነገርኳቸው። «ለቀማው ይለቅና እንሄዳለን» ብላኛለች። እኔም ይዣታለሁ።