ከፍ ያለ ላንድክሩዘር ከመግዛት በፊት

ጥያቄ፦ ባሌስትራው ተጨምሮ ከፍ የተደረገ፣ ቱርቦም የተገጠመለት አሮጌ ላንድክሩዘር ልገዛ ነው። ምኑን ልይ? (ከደምበጫ)

መልስ፦ ክረምት ከደምበጫ ወደ ገጠር ቀበሌዎች ለሚገባ ሰው ከፍ ያለ መኪና ያጓጓል። ጥሩ መካኒክ ግን ቀለሙን ከማየቱ በፊት ከሥሩ ይተኛል።

ከሁሉ የሚቀድመው ሻንሲው ነው። ቁጥሩ በቀኙ የፊት ጎማ በኩል በብረቱ ላይ ተመትቷል፤ ጭቃውን በሽቦ ብሩሽ ጠርጎ ከሊብሬው ጋር አሃዝ በአሃዝ ማመሳከር ግድ ነው። በቁጥሩ ዙሪያ የብየዳ ጠባሳ ወይም ትኩስ ቀለም ከታየ ግዢው እዚያው ይቁም። የሞተር ቁጥሩም እንዲሁ ይታይ። መኪናው ከፍ ሲል የፍሬን ጎማ ቱቦው ይወጠራል፣ ክሮቼራውም ቶሎ ይበላል፤ ሁለቱን በእጅ መንካት ነው።

ቱርቦውስ? እ.ኤ.አ. በ1990 የወጣው ባለ 4.2 ሊትር ዋን ኤች ዜድ ናፍጣ ሞተር ከፋብሪካ ያለ ቱርቦ ነው የሚመጣው። በኋላ ሲገጠምለት ጉልበት ያገኛል፤ ናፍጣው ከልክ ካለፈ ግን ሙቀቱ ፒስተንና ቴስታታ ይጎዳል። ስለዚህ ሞተሩ ቀዝቅዞ ሳለ ይነሳ፤ ፍኖተ ሰላም ደርሶ ይመለስ፤ የሙቀት መለኪያው ዳገት ላይ ይታይ። ሲበርድ ራዲያተሩ ተከፍቶ ውሃው ላይ ዘይት ከተንሳፈፈ፣ ቴስታታው ወይም ጓርኒሲዮኑ ሳይነካ አልቀረም።