በአንድ ሊኖሊየም ብዙ ቀለም ስለ ማተም

የእጅ ሥራ ትምህርት ለተማሪ ሁለት ነገር ይሰጣል፤ አንደኛው የእጅ ብልሃት ነው፥ ሁለተኛውም የልብ ማስተዋል ነው። አንዱን ሊኖሊየም ደጋግሞ እየቀረጹ ብዙ ቀለም ማተም ግን ከብልሃቱ ይልቅ ማስተዋሉን አብዝቶ ያስተምራል። የተቀረጸው ተመልሶ አይሞላምና፥ መሮ ከማንሣት በፊት የሥራውን መጨረሻ ማሰብ ግድ ነው።

ሊኖሊየም በ1860ዎቹ (በፈረንጆች አቆጣጠር) በእንግሊዝ አገር ፍሬዴሪክ ዋልተን ለቤት ወለል የፈለሰፈው ምንጣፍ ነው። የሚሠራውም ከተልባ ዘይትና ከቡሽ ዱቄት ሲሆን፥ ጀርባው የጆንያ ጨርቅ ነው። በአርሲና በባሌ ደጋ የሚዘራው ተልባ ለዚህ ዘይት መነሻ ይሆናል ቢባል፥ የአገሩ ሽማግሌዎች ሳይደነቁ አይቀሩም። ዛሬ ለወለል የሚሸጠው ብዙው ፕላስቲክ ነውና፥ መምህሩ ሲገዛ ጀርባውን አይቶ ይለይ። ሊኖሊየም ከታጣም የዋንዛ ጣውላ በዚሁ ሥርዓት ሊቀረጽ ይችላል።

የሥራው መሠረት ለኢትዮጵያ እንግዳ አይደለም። ማኅተም የሚቀርጽ ሰው ፊደሉን ገልብጦ እንዲቀርጽ፥ ሲታተምም ቀንቶ እንዲነበብ ሁሉም ያውቃል። ሥዕልን ቀርጾ ማተምም በአዲስ አበባ ተምረውታል። ሠዓሊው አለ ፈለገ ሰላም የመሩት የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት በ1950 ዓ.ም. ተከፈተ፤ ከዚያም ሐንሰን ባሂያ የተባለው የጀርመን ተወላጅ ሠዓሊ፥ በፈረንጆች አቆጣጠር ከ1963 እስከ 1966 ድረስ በእንጨት ላይ ቀርጾ ማተምን በዚያ አስተማረ። ሠዓሊ ዘሪሁን የትምጌታም ከተማሩት አንዱ ነው። በፈረንሳይ አገርም ፓብሎ ፒካሶ በ1959 ገደማ (በፈረንጆች አቆጣጠር) በአንድ ሊኖሊየም ብዙ ቀለም እያተመ ይህን መንገድ አስታወቀው።

አሠራሩን በምሳሌ ማስረዳት ይሻላል። በሻሸመኔ ዙሪያ ባለ በአንድ የገጠር ትምህርት ቤት 20 ተማሪዎች አሉ እንበል። ሥዕሉም በእንሰት የተከበበ ጎጆ ይሁን፤ ፀሓዩ ነጭ፥ ሰማዩና የሣር ክዳኑ ቢጫ፥ እንሰቱ አረንጓዴ፥ የጎጆው ግድግዳና በሩ ጥቁር ነው።

አስቀድሞ ሥዕሉን በስስ ወረቀት ላይ በእርሳስ ይሥላሉ፤ ወረቀቱን በሊኖሊየሙ ላይ ደፍተው ሲያሹት ሥዕሉ ተገልብጦ ያርፋል። መስመሩን ግን በማይለቅ ቀለም መድገም ይገባል፤ ሊኖሊየሙ ከየሕትመቱ በኋላ ሲጠረግ እርሳስ ይጠፋልና።

ቀጥሎ ወረቀቱ ይቆጠራል። ለ20 ተማሪ 20 ወረቀት አይበቃም፤ በየቀለሙ የሚበላሽ አይጠፋምና 25 ወይም 26 ማዘጋጀት ይገባል። ይህን ቁጥር ኋላ መጨመር አይቻልም።

ሊኖሊየሙን ጥቂት ፀሓይ ያሙቁት፤ ሲሞቅ ይለሰልሳል። መሮውን ወደ ፊት መግፋት እንጂ ወደ ራስ መሳብ አይገባም፤ የያዘው እጅም ሁልጊዜ ከስለቱ በስተኋላ ይሁን።

መጀመሪያ ነጭ የሚቀረው ፀሓይ ብቻ ይቀረጻል። ቢጫው ቀለም በሮለር ስስ ሆኖ ይቀባና በወረቀቱ ሁሉ ላይ ይታተማል፤ መጫኛ መኪና ከሌለ የወረቀቱን ጀርባ በእንጨት ማንኪያ ማሸት ይበቃል። ቀለሙ እስኪደርቅ ይጠብቃሉ፤ የዘይት ቀለም ከሆነ አንድ ቀን ላይበቃ ይችላል። ሁለተኛ፥ ቢጫ ሆኖ የሚቀረው ሰማይና ክዳን ይቀረጻል፤ የቀረው በአረንጓዴ ተቀብቶ በዚያው ወረቀት ላይ ይታተማል። ሦስተኛ፥ እንሰቱ ይቀረጻል፤ የተረፈው ግድግዳና በር በጥቁር ይታተማል። ቀለሙ ከብሩሁ ተነሥቶ ወደ ጨለማው የሚሄድበት ምክንያት፥ ጨለማው ብሩሁን ስለሚሸፍን ነው፤ ብሩሁ ግን ጨለማውን አይሸፍንም።

ወረቀቱ በየጊዜው ከስፍራው ፈቀቅ እንዳይል፥ በአንድ ሳንቃ ላይ ለሊኖሊየሙና ለወረቀቱ ማዕዘን መያዣ ካርቶን ይለጠፋል። ይህ ከተዘነጋ አረንጓዴው ከቢጫው ጋር አይገጥምም።

እንግዲህ መምህሩ ልብ ሊለው የሚገባ ነገር ይህ ነው፤ አንድ ተማሪ ቸኩሎ ክዳኑን ከፀሓዩ ጋር ቢቀርጽ፥ የሚበላሸው የእርሱ ወረቀት ብቻ አይደለም፥ የሃያዎቹም ሁሉ ነው። የፈሰሰ ውኃ አይታፈስም። ስለዚህ ከየቅርጹ በፊት ተማሪዎቹ ተሰብስበው የሚወጣውን ስፍራ በጣታቸው ያሳዩ፤ ሁሉም ሲስማሙ ብቻ መሮው ይነሣ። ታናሹም ስሕተት ያየ እንደ ሆነ ይናገር፤ ዝም ቢል ጉዳቱ የሁሉ ነውና።

በመጨረሻ ሊኖሊየሙ ላይ የሚተርፈው ግድግዳውና በሩ ብቻ ነው፤ ከእርሱም ያንኑ ሥዕል ዳግመኛ ማውጣት አይቻልም። ሽማግሌዎች ይህ ብክነት አይምሰላቸው። በአንድ ቁራጭ የሦስት ቁራጭ ሥራ ተሠርቶበታል፤ ሕፃናቱም ከመቁረጥ በፊት መምከርን ተምረውበታል።

ለተማሪዎች የሚቀርብ ጥያቄ።
1. ቢጫው ከጥቁሩ በፊት የሚታተመው ስለ ምንድር ነው?
2. ከአረንጓዴው ሕትመት በኋላ ወረቀት መጨመር የማይቻለው ለምንድር ነው?
3. «ሻሸመኔ» የሚለው ስም በሥዕሉ ግርጌ እንዲነበብ፥ በሊኖሊየሙ ላይ እንዴት ሆኖ ይቀረጻል?