የደቡብ ኮሪያ የመከላከያ ኢንዱስትሪ ገበያ፦ ትናንት፣ ዛሬና ነገ

መግቢያ

ባለፈው ሴሚስተር በዓለም አቀፍ ማርኬቲንግ ኮርስ እያንዳንዳችን አንድ ሀገርና አንድ ኢንዱስትሪ መርጠን የገበያውን የወደፊት አዝማሚያ እንድናጠና ታዘን ነበር። ጓደኞቼ ቡና፣ ቆዳ፣ አበባና ሲሚንቶ ሲመርጡ እኔ የደቡብ ኮሪያን የመከላከያ ኢንዱስትሪ መረጥኩ። ብዙዎቹ ሳቁብኝ። ምክንያቴ ግን ከቤት የመጣ ነው። አያቴ የቃኘው ሻለቃ ዘማች ነበሩ። አባባ እንደሚያጫውቱን ያኔ የያዙት ጠመንጃ የአሜሪካ፣ የለበሱት ካፖርትም የአሜሪካ ነበር፤ ኮሪያዎቹ ራሳቸው የሚተኩሱት የሰው ጥይት ነበር። ታዲያ ይህች ሀገር ዛሬ ለአውሮፓ ታንክ ሻጭ የሆነችው እንዴት ነው?

የመጀመሪያ ረቂቄ ተመላሽ ሆነ። መምህራችን በቀይ እስክሪፕቶ “ይህ ገበያ ነው ወይስ አንድ ገዢ?” ብለው ጽፈውበታል። ይህ ጽሑፍ ያንን ጥያቄ ለመመለስ የተደረገ ሙከራ ነው። (ዓመታቱ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

የኢንዱስትሪው አጀማመር

ደቡብ ኮሪያ መሣሪያ መሥራት የጀመረችው ለመሸጥ ብላ ሳይሆን ከፍርሃት የተነሳ ነው። በጥር 1968 ከሰሜን የተላኩ 31 ኮማንዶዎች የፕሬዚዳንቱን መኖሪያ ለማጥቃት ሴኡል ድረስ ዘልቀው ገቡ። በ1969 ፕሬዚዳንት ኒክሰን የእስያ አጋሮቻቸው ራሳቸውን በመከላከል ረገድ ዋናውን ኃላፊነት እንዲሸከሙ አሳወቁ፤ በ1971 ደግሞ 20,000 ያህል ወታደሮች ያሉት የአሜሪካ ክፍለ ጦር ከኮሪያ ወጣ። የፓርክ ቹንግ ሂ መንግሥት በ1970 የመከላከያ ልማት ኤጀንሲን አቋቋመ፤ ከ1975 ጀምሮም የመከላከያ ግብር ጣለ። ከባድ ኢንዱስትሪውና የጦር መሣሪያው ጎን ለጎን አደጉ፤ መኪናና መርከብ የሚሠሩት ኩባንያዎች ታንክና የጦር መርከብም እንዲሠሩ ተደረገ።

ፍሬው ቶሎ አልመጣም። በራሱ የሚንቀሳቀሰው ኬ-9 መድፍ ልማቱ የተጀመረው በ1989፣ ለሠራዊቱ የደረሰው በ1999 ነው። የመጀመሪያዋ የውጭ ደንበኛ ቱርክ በ2001 በፈቃድ ራሷ ማምረት ጀመረች፤ ከዚያ በኋላ ፖላንድ፣ ሕንድ፣ ፊንላንድ፣ ኖርዌይ፣ ኢስቶኒያ፣ አውስትራሊያና ግብፅ ተከታተሉ። እንግዲህ “ኮሪያ በአንድ ሌሊት ገበያ ውስጥ ገባች” የሚለው አባባል ልክ አይደለም።

ገበያው ለምን ተከፈተ?

የካቲት 2022 ሩሲያ ዩክሬንን በሙሉ ኃይሏ ወረረች። ፖላንድ ከ200 በላይ ታንኮቿን ለዩክሬን ሰጠችና የራሷ መጋዘን ጎደለ። የምዕራብ አውሮፓ ፋብሪካዎች ከቀዝቃዛው ጦርነት ማብቃት በኋላ ምርታቸውን ስለቀነሱ ታንክ የሚፈልግ ሁሉ ወረፋ መጠበቅ ነበረበት። ኮሪያ ግን ሰሜን ጎረቤቷን በመፍራት የማምረቻ መስመሮቿን አልዘጋችም ነበር።

በሐምሌ 2022 ፖላንድ 980 ኬ-2 ታንኮች፣ 672 ኬ-9 መድፎችና 48 ኤፍኤ-50 አውሮፕላኖች ለመግዛት የማዕቀፍ ስምምነት ፈረመች። ለመጀመሪያዎቹ 180 ታንኮችና 212 መድፎች አስፈጻሚው ውል የተፈረመው በነሐሴ ነው፤ በታኅሣሥ መጀመሪያ የመጀመሪያዎቹ 10 ታንኮችና 24 መድፎች ግዲኒያ ወደብ ላይ ወረዱ። ከአራት ወር ያነሰ ጊዜ! በክፍል ውስጥ “የውድድር ብልጫ” ስንል ዋጋና ጥራት ብቻ ነው የምንጠራው፤ እዚህ ላይ ዋናው ብልጫ የማስረከቢያ ጊዜ ነው።

ቁጥሮቹና የእኔ ስህተት

የያዝኩት ሰንጠረዥ 2022 ላይ ያበቃ ነበር። በ2020 የተፈረሙት የኤክስፖርት ውሎች 3 ቢሊዮን፣ በ2021 7.3 ቢሊዮን፣ በ2022 ደግሞ 17.3 ቢሊዮን ዶላር ነበሩ። እኔም ማስመሪያዬን አውጥቼ መስመሩን ሽቅብ ቀጠልኩና 2024 ላይ ከ30 ቢሊዮን አሳለፍኩት። የኮሪያ መንግሥት እንኳ ለዚያ ዓመት ያቀደው 20 ቢሊዮን ነበር። የሆነውስ? በ2023 ከ13 ቢሊዮን ትንሽ በላይ፣ በ2024 ወደ 9.5 ቢሊዮን ወረደ።

ሁለት ነገር ስቻለሁ። አንደኛ፣ እነዚህ ቁጥሮች የተፈረመ ውል እንጂ የገባ ገንዘብ አይደሉም። ዛሬ የተፈረመ ውል ገቢው በብዙ ዓመት ተከፋፍሎ ነው የሚመጣው። ስለዚህ በአንድ ዓመት ውል ቢቀንስም ፋብሪካው ሥራ ፈታ ማለት አይደለም። ሁለተኛ፣ ከ2022ቱ 17.3 ቢሊዮን ውስጥ 12.4 ቢሊዮኑ የፖላንድ ነበር፤ ይህም 72 በመቶ ገደማ ነው። የመምህራችን ጥያቄ ይህን ነበር የሚለው። በ2023 የፖላንድ ድርሻ ወደ 32 በመቶ ወርዷል። እንዲህ ሲታይ ጠቅላላ ቁጥሩ የቀነሰበት 2023 በአንድ በኩል ከ2022 የተሻለ ዓመት ነው ማለት ይቻላል፤ እንቁላሉ በአንድ ቅርጫት አልቀረምና።

ሦስት ማነቆዎች

የመጀመሪያው ብድር ነው። ይህን ያህል መሣሪያ በጥሬ ገንዘብ የሚገዛ ሀገር ጥቂት ነው፤ ሻጩ መንግሥት አበዳሪም መሆን አለበት። የኮሪያ ኤክስፖርት-ኢምፖርት ባንክ ለአንድ ተበዳሪ ሊሰጥ የሚችለው ከካፒታሉ ጋር የታሰረ ስለሆነ ተከታዮቹ የፖላንድ ውሎች ተጓተቱ። በየካቲት 2024 የሀገሪቱ ምክር ቤት የባንኩን ሕጋዊ ካፒታል ከ15 ወደ 25 ትሪሊዮን ዎን አሳደገ። ሁለተኛው የ180 ታንኮች ውል፣ 6.5 ቢሊዮን ዶላር ገደማ፣ የተፈረመው በነሐሴ 2025 ነው። ከመጀመሪያው ውል ሦስት ዓመት በኋላ ማለት ነው።

ሁለተኛው የሰው ዕቃ ነው። የመጀመሪያዎቹ ኬ-2 ታንኮች ሞተራቸውም ካምቢዮአቸውም የጀርመን ነበር። በኋላ ሞተሩ በሀገር ውስጥ ተተካ፣ ካምቢዮው ግን ጀርመናዊ ሆኖ ቆየ፤ የሀገር ውስጡ ካምቢዮ ለሠራዊቱ አራተኛ ዙር ታንኮች የተመረጠው በ2024 ነው። ኬኤፍ-21 የተባለው አዲሱ ተዋጊ አውሮፕላን በ2022 የመጀመሪያ በረራውን ቢያደርግም ሞተሩ የአሜሪካ ነው። ዋናውን ዕቃ የሚሰጥ መንግሥት “ለዚያ ሀገር አትሽጥ” ካለ ገበያው በሩን ይዘጋል። ለዕቃ ባለቤቱ ገበያም የእርሱ ነው።

ሦስተኛው የገዢዎች ፍላጎት ነው። ማንም በባዶ እጁ መግዛት አይፈልግም፤ ፖላንድም በሁለተኛው ውል የተወሰኑትን ታንኮች በሀገሯ ለመገጣጠም ተስማምታለች። የአውሮፓ ኅብረት በግንቦት 2025 ያጸደቀው የ150 ቢሊዮን ዩሮ የብድር ፕሮግራም ከሚገዛው መሣሪያ የክፍሎቹ ዋጋ 65 በመቶ ከአውሮፓና ከዩክሬን እንዲሆን በመርህ ደረጃ ይጠይቃል። በኅዳር 2025 ፖላንድ ለሰርጓጅ መርከብ ግዢዋ ከኮሪያው ሃንዋ ይልቅ የስዊድኑን ሳብ መርጣለች። ትልቁ ደንበኛም ቢሆን ሁልጊዜ ደንበኛ አይደለም።

የወደፊቱ አዝማሚያ

እንደ እኔ ግምት ገበያው በሦስት አቅጣጫ ይሄዳል። አንደኛው መካከለኛው ምሥራቅ ነው፦ የተባበሩት ዓረብ ኤምሬትስ በ2022 በ3.5 ቢሊዮን፣ ሳዑዲ ዓረቢያ ደግሞ በ3.2 ቢሊዮን ዶላር የቾንጉንግ ፀረ ሚሳይል ሥርዓት ለመግዛት ተዋውለዋል። ሁለተኛው ጥገናና መለዋወጫ ነው፤ የተሸጠ ታንክ ለሠላሳ ዓመት ደንበኛ ነው። ሦስተኛው ሰው አልባ መሣሪያ ነው። ለዚህ ምክንያቱ ከፋብሪካ ሳይሆን ከማዋለጃ ክፍል ይነሳል፦ በ2023 የኮሪያ የወሊድ መጠን በአንዲት ሴት 0.72 ነበር፤ በ2019 ከ560,000 በላይ የነበረው ሠራዊትም በ2025 ወደ 450,000 ወርዷል። ወታደር ያነሰው ሠራዊት ማሽን መግዛቱ አይቀርም።

ስለዚህ ድምዳሜዬ ይህ ነው፦ ገበያው ያድጋል፣ ግን እኔ በማስመሪያ እንደሠራሁት ቀጥ ብሎ ሳይሆን ዓመት እየዘለለ፣ አንዴ ከፍ አንዴ ዝቅ እያለ።

ማጠቃለያ

በሚቀጥለው ዓመት ይህን ኮርስ የምትወስዱ እህት ወንድሞቼ፣ የትኛውንም ኢንዱስትሪ ብትመርጡ ሦስት ጥያቄ ሳትጠይቁ መስመር አትቀጥሉ፦ ቁጥሩ ውል ነው ወይስ ገቢ? ገዢው ስንት ነው? ገንዘቡንስ የሚያበድረው ማን ነው?

አንድ ነገር ግን ይቀረኛል። አባባ ከማረፋቸው በፊት ኮሪያ አሁን ታንክ ትሸጣለች ብዬ ስነግራቸው ደስ አላቸውና “ጎበዞች ናቸው፣ በባዶ እጃቸው ነበር ያየኋቸው” አሉ። ትንሽ ቆይተው ደግሞ “ገዢው የበዛው ለምንድን ነው?” ብለው ጠየቁኝ። ያኔ መልስ አልነበረኝም፤ አሁን አለኝ። ይህ ገበያ የሚሰፋው የሰው ስጋት ሲሰፋ ነው። የቡና ገበያ ሲያድግ ሻጩም ገዢውም ይደሰታል፤ የዚህ ገበያ ገዢ ግን ደስ ብሎት የሚገዛ አይደለም። ጥናቴ “ጥሩ” የሚል ውጤት ቢያገኝም የግራፉን ሽቅብ መውጣት እንደ መልካም ዜና ብቻ የጻፍኩበትን ዓረፍተ ነገር ሰርዤዋለሁ።