ሥዕላዊ ድርሰት፦ የብር ጌጥ

«ብር» የሚለው ቃል ሁለት ፍች አለው፤ አንደኛው ማዕድኑ፣ ሁለተኛው መገበያያው ገንዘብ ነው። ሁለቱን ያገናኘው ጠገራ ብር ወይም ማርትሬዛ የሚባለው ነው። ጠገራ ብር የኦስትሪያዋ ንግሥት የማርያ ቴሬዛ መልክ ያለበት፣ ከሞተች በኋላ በየትኛውም ዓመት ቢታተም እ.ኤ.አ. 1780 የሚል ቁጥር የሚቀረጽበት፣ ክብደቱ ከ28 ግራም ጥቂት የሚበልጥ፣ ከስድስት እጅ አምስቱ ንጹሕ ብር የሆነ ገንዘብ ነው። በ1937 ዓ.ም. አዲሱ የወረቀት ብር ከወጣ በኋላ ከገበያ እየራቀ ሄዶ የአንጥረኛ ጥሬ ዕቃ ሆኖ ቀረ።

ጌጥ የሚያሠራ ሰው ጠገራውን ይዞ ወደ አንጥረኛው ይሄድ ነበር። አንጥረኛው በወናፍ በተራገበ ከሰል ያቀልጠዋል፤ በመዶሻ ይቀጠቅጠዋል፤ ቀጭን ሽቦ አድርጎ ይስበዋል፤ ሽቦውን እየጠማዘዘ በመስቀሉ ወይም በጉትቻው ላይ ይበይደዋል። ድሪው፣ አምባሩ፣ አልቦው፣ በአንገት የሚንጠለጠለው የጆሮ ኩክ ማውጫ ሳይቀር የዚህ እጅ ሥራ ነው። ሥራውን እየፈለገ ሠሪውን «ጠይብ» እያለ የናቀው ግን ያው ጌጡን ያሠራው ኅብረተሰብ ነበር።

ጌጥ የክፉ ቀን መጠባበቂያም ነው፤ ሲቸግር ይሸጣል ወይም ይቀልጣል። የቀለጠ ጌጥ የማን እንደ ነበረ አይናገርም። በስድስት ኪሎ፣ በቀድሞው ገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት ያለው የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ሙዚየም ብዙ መስቀሎችን ሰብስቧል። ዐፄ ቴዎድሮስ በ1860 ዓ.ም. ከደብረ ታቦር ተነሥተው በጋይንት በጨጨሆ በኩል ወደ ተጓዙበት መቅደላ የዘመተው የእንግሊዝ ጦር የወሰደው ንብረት ደግሞ በባሕር ማዶ ይገኛል፤ የእቴጌ ጥሩወርቅ ልብስና ጌጣ ጌጥ በለንደን በቪክቶሪያና አልበርት ሙዚየም ነው። የእርሳቸው መሆኑ የታወቀው ስለ ተጻፈ ነው። ከየመንደሩ ወጥተው የተሸጡት ብዙዎቹ ግን የመጡበት አገር እንኳ አልተመዘገበላቸውም።

አሁን ወደ ድርሰቱ እንለፍ። «አያቴ የሚያምር የብር አልቦ አላቸው» ብሎ የጻፈ ተማሪ ስለ አልቦው ምንም አልነገረንም፤ «የሚያምር» የጸሐፊው አስተያየት እንጂ የዕቃው መልክ አይደለም። ከዚህ ጋር አስተያዩት፦

«አልቦው የአውራ ጣት ያህል ይወፍራል። በጠርዙ ዙሪያ ጥቃቅን እንክብሎች ተደርድረዋል፤ ሦስቱ ወልቀዋል። ቁርጭምጭሚት የሚነካው ውስጡ ከብዙ ዘመን ተፍቆ ለስልሷል። ያሠሩት የአያቴ አባት ናቸው፤ አያቴ በሠርጋቸው ዕለት አጥልቀውታል።»

ይህ አልቦ ነገ ቢሸጥ ከሌላ አልቦ ይለያል። አንድ ነገር ግን ጐድሎታል። «ያሠሩት» አስደራጊ ግሥ ነው፤ ያዘዘውንና የከፈለውን ያመለክታል። «የሠሩት» ቢል አድራጊውን፣ ማለትም አንጥረኛውን በነገረን ነበር። በ«ያ» እና በ«የ» መካከል ያለው ልዩነት ትንሽ ይመስላል፤ የብዙ አንጥረኛ ስም የጠፋው ግን እዚያ ላይ ነው። ባለ ጌጡን ስትጠይቁ «ማን አሠራው?» ብቻ ብላችሁ አትመለሱ።

መልመጃ

1. በቤታችሁ ወይም በጎረቤት ያለ አንድ የብር ጌጥ ተመልክታችሁ፣ «ቆንጆ»፣ «የሚያምር»፣ «ድንቅ» የሚሉትን ቃላት ሳትጠቀሙ በአንድ አንቀጽ ግለጹ።

2. ከመካነ ኢየሱስ፣ ከወገዳ ወይም ከነፋስ መውጫ ገበያ አካባቢ አንድ አንጥረኛ ካለ የመሣሪያዎቹን ስም ከአፉ ሰምታችሁ ጻፉ፤ ስሙ እንዲጻፍ መፍቀዱንም ጠይቁት።

3. «ሠራ»፣ «አሠራ»፣ «ተሠራ» በሚሉት ግሦች ስለዚያው ጌጥ ሦስት ዓረፍተ ነገሮች መሥርቱ።