የኦፔራ ቅጂን በአነስተኛ ወጪ መግዛትና በቤት ማዳመጥ

ኦፔራ ታሪኩ በዘፈንና በኦርኬስትራ የሚተረክ የመድረክ ድራማ ነው። አዲስ አበባ ቋሚ የኦፔራ ቤት ስለሌላት በንፋስ ስልክ ላፍቶ የሚኖር ሰው ይህን ጥበብ የሚያገኘው በአብዛኛው በተቀዳ ድምፅ ነው። ጥሩ ቅጂ የግድ ውድ አይደለም። ከታላላቆቹ የኦፔራ ድምፃውያን ብዙዎቹ ሥራቸውን የቀዱት ከስድሳ ዓመት በፊት ስለሆነ፣ ቅጂዎቻቸው ዛሬ በቅናሽ ይሸጣሉ። ገንዘብ የሚባክነው ሳይመርጡ ሲገዙ ነው፤ ስለዚህ ሥራው ከምርጫ ይጀምራል።

፩. አንድ ሥራ መምረጥ

ለኢትዮጵያዊ ጀማሪ ተስማሚው የጁሴፔ ቬርዲ «አይዳ» ነው። አይዳ በግብፅ የተማረከች የኢትዮጵያ ልዕልት ናት፤ አባቷ አሞናስሮ የኢትዮጵያ ንጉሥ ነው፤ የምትወደው ራዳሜስ ደግሞ አገሯን ሊወጋ የሚዘምት የግብፅ ጦር አዛዥ ነው። ኦፔራውን ያሠራው የግብፁ ኸዲቭ እስማኤል ሲሆን፣ መጀመሪያ የታየው በታኅሣሥ 1864 ዓ.ም. በካይሮ ነው። ከአራት ዓመት በኋላ፣ በ1868 ዓ.ም.፣ ይኸው እስማኤል የላከው ጦር በጉንደትና በጉራዕ በአፄ ዮሐንስ 4ኛ ድል ተመታ። በመድረኩ ላይ ግብፅ ስታሸንፍ የሚሰማ አድማጭ ይህን ታሪክ ቢያውቅ ሥራው ይበልጥ ይቀርበዋል።

«አይዳ» ሁለት ሰዓት ተኩል ገደማ ይወስዳል፤ በሲዲ ሁለት ወይም ሦስት ዲስክ ይሆናል። አቅሙ አነስ ያለ ገዢ የማስካኒን «ካቫሌሪያ ሩስቲካና» ወይም የሊዮንካቫሎን «ፓልያቺ» ሊያስቀድም ይችላል። እያንዳንዳቸው ከሰዓት ብዙም አይዘሉም፤ አንድ ሲዲ ደግሞ እስከ 80 ደቂቃ ስለሚይዝ በአንድ ዲስክ ያልቃሉ። የ«ምርጥ ክፍሎች» ስብስብ ግን ታሪኩን ስለሚቆራርጥ ለመጀመሪያ ግዢ አይመከርም።

፪. ቅጂውን በስም መለየት

አንድ ኦፔራ በተለያየ ጊዜ በብዙ ዘፋኞች ይቀዳል። ስለዚህ «አይዳ» ብሎ መጠየቅ ብቻ አይበቃም፤ የኦርኬስትራው መሪ፣ ዋና ዋናዎቹ ዘፋኞችና የቀረጻው ዓመት መታወቅ አለባቸው። ከታወቁት የ«አይዳ» ቅጂዎች አራቱ እነዚህ ናቸው (ዓመቶቹ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)፦

• 1955፦ መሪ ቱሊዮ ሴራፊን፣ አይዳ ማሪያ ካላስ፤ ድምፁ ሞኖ ቢሆንም ለእያንዳንዱ ቃል ስሜት ለሚጨነቅ አድማጭ ይስማማል።
• 1959፦ መሪ ኸርበርት ፎን ካራያን፣ አይዳ ሬናታ ቴባልዲ፣ ራዳሜስ ካርሎ ቤርጎንዚ፤ ስቴሪዮ።
• 1961፦ መሪ ጆርጅ ሶልቲ፣ አይዳ ሊዮንታይን ፕራይስ፣ ራዳሜስ ጆን ቪከርስ፤ ስቴሪዮ። አፍሪካ አሜሪካዊቷ ፕራይስ በ1985 ከኦፔራ መድረክ የተሰናበተችው በዚሁ በአይዳ ሚና ነበር።
• 1974፦ መሪ ሪካርዶ ሙቲ፣ አይዳ ሞንሴራት ካባዬ፣ ራዳሜስ ፕላሲዶ ዶሚንጎ፤ ስቴሪዮ።

፫. ዋጋው የሚረክስበትን ምክንያት ማወቅ

በአውሮፓ ኅብረት አገሮች ከ1963 እ.ኤ.አ. በፊት የታተሙ ቅጂዎች የአሳታሚነት መብት ጊዜው አልፏል። በኢትዮጵያም የቅጂና ተዛማጅ መብቶች አዋጅ ቁጥር 410/1996 ለድምፅ ቅጂ አሳታሚ የሰጠው ጥበቃ 50 ዓመት ነው። መብቱ ሲያልፍ አንዱን ቀረጻ ብዙ ድርጅቶች ስለሚያትሙት ዋጋው ይወርዳል። በ1987 እ.ኤ.አ. በሆንግ ኮንግ የተቋቋመው ናክሶስ እና የኔዘርላንዱ ብሪሊያንት ክላሲክስ በዝቅተኛ ዋጋ የታወቁ ናቸው። አሮጌ ቀረጻ ሲሆን ድምፁን ያጸዳው ባለሙያ ስም በሽፋኑ ላይ መኖሩ ሥራው በጥንቃቄ መሠራቱን ያመለክታል።

፬. የት እንደሚፈለግ

በሳሪስ፣ በጎፋ፣ በጀሞና በለቡ ፍላሽና ሜሞሪ ላይ ዘፈን የሚጭኑ ሱቆች ብዙ ናቸው፤ ሥራቸው ግን በአገር ውስጥ ዘፈን ላይ ያተኮረ ስለሆነ ኦፔራ ከእነሱ መጠበቅ አያዋጣም። የተሻሉት መንገዶች ሦስት ናቸው። አንደኛው ያገለገለ ዕቃ ነው፤ በሳር ቤትና በመካኒሳ በኩል የሚኖሩ የውጭ አገር ሰዎች ወደ አገራቸው ሲመለሱ ከሚሸጡት የቤት ዕቃ መካከል ሲዲና ሸክላ ሊገኝ ይችላል። ሁለተኛው ውጭ አገር የሚኖር ዘመድ ነው፤ የመሪውንና የዘፋኟን ስም ከቀረጻው ዓመት ጋር ጽፎ መላክ የተሳሳተ ቅጂ ከመምጣት ያድናል፤ የውጭ ምንዛሪ ጣጣንም ያስቀራል። ሦስተኛው በኢንተርኔት ማውረድ ነው።

፭. የፋይሉን መጠን ማስላት

ሁለት ሰዓት ተኩል የሚወስድ ኦፔራ በ128 ኪሎ ቢት ኤምፒ3 ወደ 144 ሜጋ ባይት፣ በ320 ኪሎ ቢት ደግሞ ወደ 360 ሜጋ ባይት ይሆናል። ኤፍላክ በተባለው ጥራቱን በማያጎድል ዓይነት ከሆነ ከ320ው እጥፍ ገደማ ሊደርስ ይችላል። ለስልክና ለመካከለኛ ስፒከር 320 ኪሎ ቢት በቂ ነው፤ 128 ግን የኅብረ ዝማሬውን ድምፅ ያደበዝዛል። ማውረዱ በሌሊት የኢንተርኔት ጥቅል ቢሆን ወጪው ይቀንሳል።

፮. ከመክፈል በፊት መፈተሽ

ሲዲ ሲሆን የዲስኮቹ ቁጥር በሽፋኑ ላይ ከተጻፈው ጋር ይመሳከራል። ከመሐል ወደ ጠርዝ የሚሄድ ጭረት ብዙ አይጎዳም፤ ክቡን ተከትሎ የሚዞር ጭረት ግን ድምፁን ያዘልላል። ከሥሩ አረንጓዴ ወይም ሐምራዊ የሚመስል ዲስክ ብዙውን ጊዜ በኮምፒውተር የተገለበጠ ስለሆነ ይተዋል።

ድምፁን ለመፈተን ሁለት ቦታ ይበቃል፦ በሁለተኛው ገቢር ያለው የድል ሰልፍና የመጨረሻው የመቃብር ትዕይንት። በሰልፉ ላይ መለከቱና ኅብረ ዝማሬው ሳይሰነጠቅ፣ በመቃብሩ ላይ የሁለቱ ፍቅረኞች ለስላሳ ድምፅ በፉጨትና በሹክሹክታ ሳይዋጥ ከተሰማ ቅጂው ደህና ነው።

፯. ለማዳመጥ ማዘጋጀት

ፋይሎቹ ከ01 ጀምሮ በተራ ቁጥር ይሰየማሉ፤ ፍላሽ ላይም በዚያው ቅደም ተከተል አንድ በአንድ ይገለበጣሉ። ብዙ ርካሽ ስፒከሮች የሚያጫውቱት በተገለበጠበት ቅደም ተከተል ስለሆነ፣ ይህ ካልተደረገ ታሪኩ ይዘበራረቃል። በስልክ ሲሆን በክፍሎቹ መካከል ዝምታ የማያስገባ ማጫወቻ ይመረጣል።

ኦፔራ በጣም ዝቅ ካለ ድምፅ ድንገት ወደ ከፍተኛ ይዘላል። ግድግዳ በሚጋሩበት የጀሞ ኮንዶሚኒየም ጥሩ የጆሮ ማዳመጫ ለአድማጩም ለጎረቤቱም ይሻላል፤ መብራት ሲጠፋም ከስልክ ጋር ያገለግላል።

፰. ግጥሙን ይዞ ማዳመጥ

ርካሽ ቅጂ ብዙውን ጊዜ ሊብሬቶ የሚባለው የግጥም መጽሐፍ የለውም። የ«አይዳ» ሊብሬቶ፣ የአንቶኒዮ ጊስላንዞኒ ሥራ፣ የባለቤትነት ጊዜው ካለፈ ቆይቷል፤ ጣሊያንኛው ከእንግሊዝኛ ትርጉም ጋር በኢንተርኔት በነፃ ይገኛል። በመጀመሪያ የእያንዳንዱ ገቢር ታሪክ ይነበባል፤ ቀጥሎ ግጥሙን በዓይን እየተከተሉ በአንድ ጊዜ አንድ ገቢር ይደመጣል። አይዳ አገሯን ዳግም እንደማታይ የምታዝንበት የሦስተኛው ገቢር ዘፈን ደግሞ ተለይቶ ቢደጋገም ይገባዋል።

አራቱ ገቢሮች በዚህ መንገድ ከተደመጡ በኋላ ቀጣዩ ግዢ ቀላል ይሆናል። ዘፋኟን የወደደ የእሷን ሌላ ሥራ፣ መሪውን የወደደ የእሱን፣ ሙዚቃውን የወደደ ደግሞ የቬርዲን «ላ ትራቪያታ» ወይም «ሪጎሌቶ» በተመሳሳይ ቅደም ተከተል ይፈልጋል።