ሁለት ወረቀት ከተሰጠሽ ሁለት ጥያቄ ይኑርሽ

ነይ እስቲ የኔ ቆንጆ፣ ዘንድሮ ልትመርጪ ነው አሉኝ። ጎበዝ! «ሁሉም ያው ናቸው» የሚለውን ወሬ ግን በርጫው ላይ ለሰሙት ተዪላቸው። ያው መሆን አለመሆናቸው የሚታወቀው ተጠይቀው ሲመልሱ ነው። ምን እንደምትጠይቂ ታላቅሽ አለሁልሽ፣ ስሚኝ።

መጀመሪያ ካርድሽን አውጪ። 18 ዓመት ከሞላሽ፣ በምርጫ ክልሉ 6 ወር ከኖርሽ ሌላ ምን ትጠብቂያለሽ? «ነገ እሄዳለሁ» እያልሽ የምዝገባው ቀን እንዳያመልጥሽ፣ እናቴ። ሙቀቱ ሳይበረታ በጠዋት ውጪ፤ ጓደኞችሽንም ጎትተሽ ሂጂ።

ሁለተኛ፣ ማን ምን ማድረግ እንደሚችል ለይተሽ እወቂ። ድሬዳዋ ክልል አይደለችም፤ በአዋጅ ቁጥር 416/1996 ቻርተር የተሰጣት፣ ተጠሪነቷ ለፌዴራል መንግሥት የሆነ አስተዳደር ናት። ከሚሰጡሽ ሁለት የድምፅ መስጫ ወረቀቶች አንዱ ለሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ነው፤ እዚያ ድሬ ያላት 2 ወንበር ብቻ ነው። ሌላው ለራሳችን ምክር ቤት ነው፤ እሱ 189 ወንበር አለው። ከንቲባውን ከመካከሉ የሚመርጠውም በጀቱን የሚያጸድቀውም ይኸው ነው። ስለዚህ የባቡሩን፣ የጉምሩኩንና የነፃ ንግድ ቀጠናውን ጉዳይ ለፓርላማ ዕጩዎች አቅርቢ። ውሃውን፣ የጎርፍ መውረጃውን፣ ቆሻሻውንና የቀበሌውን ምልልስ ለከተማው ዕጩዎች። የከተማው ዕጩ ስለ ባቡር ብቻ አውርቶ ሊሄድ ሲል፣ «ወንድሜ፣ የቧንቧውስ ነገር?» ብለሽ አስቀሪው። አትፈሪ፣ አቦ!

ሦስተኛ፣ ከሁሉ አስቀድመሽ ስለ ውሃ ጠይቂ። የምንጠጣው ከጉድጓድ የሚወጣ የከርሰ ምድር ውሃ ነው። ማዕድን የበዛበት መሆኑን ጀበናሽ ይመሰክራል፤ ውስጡን ብታዪው ነጭ ቅርፊት እንደ ድንጋይ ተጋግሮበታል። ቧንቧው ሲጠፋ ደግሞ ቢጫ ጀሪካኑና በርሜሉ ይደረደራል፤ ክዳን በሌለው በርሜል ውስጥ ትንኝ ይፈለፈላል። በ2006 ዴንጊ፣ በ2011 ቺኩንጉንያ ከተማውን እንዴት እንዳንገላታው ታስታውሻለሽ፤ ያን ጊዜ የመገጣጠሚያ ሕመም ያላሠቃየው ቤት ጥቂት ነበር። በ2014 የወባው ቁጥር ሲያሻቅብ ዋናዋ ተጠያቂ አኖፊለስ ስቴፈንሲ የምትባለው ትንኝ ሆና ተገኘች፤ እሷም ከተማ ውስጥ በተጠራቀመ ውሃ የምትራባ ናት። እንግዲህ «ቅድሚያ የምሰጠው ለጤና ነው» የሚልሽ ዕጩ ስለ ውሃው ካላነሳ ነገሩን ገና አላሰበበትም። ውሃው በሳምንት ስንት ቀን እንዲመጣ፣ በየትኛው ገንዘብ፣ እስከ መቼ? ሦስቱንም ይመልስልሽ።

አራተኛ፣ ደቻቱን እንዳትረሺ። አሸዋው ደርቆ ሰው ሲመላለስበት ስታዪ ወንዝ አይመስልሽም። ሐምሌ 29 ለ30 ቀን 1998 ሌሊት ግን ከ200 በላይ ሰው ወስዷል። ጎርፉ የሚነሳው እኛ ጋ አይደለም፤ ዝናቡ የሚጥለው ላይ፣ በሐረርጌ ደጋ ነው። ስለዚህ «ግንብ እንሠራለን» ብቻ በቂ መልስ አይደለም። በላይኛው ተዳፋት ላይ ስለሚሠራው ሥራ ከኦሮሚያ ጋር ምን ልትነጋገሩ አስባችኋል? የገጠር ቀበሌዎቻችንስ ምን ድርሻ አላቸው? ሌሊት ጎርፍ ቢመጣ ሰዉን የሚቀሰቅሰው ማን ነው? በወንዙ ዳር ለሰፈሩት ቤተሰቦችስ ሌላ ቦታ ታዘጋጃላችሁ? እነዚህን ጠይቂልኝ፣ የኔ ጀግና።

አምስተኛ፣ ሥራ። «ለወጣቱ ሥራ እንፈጥራለን» የማይል ዕጩ አላየሁም። ድሬ በባቡር የተቆረቆረች ከተማ ናት፤ የኢንዱስትሪ ፓርክ አላት፣ በ2014 ደግሞ ነፃ የንግድ ቀጠና ሆኗል። ታዲያ ባጃጅ ነድቶ የሚያድረው ወንድምሽ እዚያ ለመግባት ምን ሙያ ያስፈልገዋል? ማን ያሠለጥነዋል? ሴቶች የማታ ፈረቃ ሲገቡስ በምን ትራንስፖርት ይመለሳሉ? የቁጥር ተስፋ ሲበዛብሽ ወደነዚህ ጥያቄዎች መልሺው።

ስድስተኛ፣ «የማን ልጅ ነው?» የሚለው ነገር። 40-40-20 የሚባለው የሥልጣን ድልድል ስንት ዓመት እንዳከራከረን ታውቂያለሽ። ዕጩዎቹ ስለሱ ያላቸውን አቋም በግልጽ እንዲነግሩሽ ጠይቂ፤ መብትሽ ነው። ግን ዘር ተቆጥሮ ብቻ ድምፅ አይሰጥም፣ እህትዬ። ኦሮሞው፣ ሶማሌው፣ አማራው፣ ሐረሪው፣ ጉራጌው፣ ሁሉም ከዚያው ጉድጓድ ነው የሚጠጣው። ቀፊራ ገበያ ስትወርጂ ቲማቲሙን አገላብጠሽ የምትገዢ ልጅ፣ ለ5 ዓመት የሚቀመጥን ሰው ሳታገላብጪ አትውሰጂ።

ሰባተኛ፣ ስጦታ አትቀበዪ። ድምፅ ለማግኘት ብሎ ዘይትና ስኳር የሚያድል ሰው ሕግ እየጣሰ ነው። የሰማሽውን ሁሉ በደብተር ጻፊው፤ የዕጩው ስም፣ ያስቀደመው ጉዳይ፣ ገንዘቡ ከየት እንደሚመጣ፣ የሚፈጸምበት ጊዜ። ከምርጫው በፊት ባሉት የጥሞና ቀናት ቅስቀሳ የለም፤ ያኔ ደብተርሽን ይዘሽ ቁጭ በይና አስቢበት። የማንም ባል፣ የማንም አጎት አይምረጥልሽ። መጋረጃው ውስጥ ብቻሽን ነሽ፤ እኔም ብሆን ማንን እንደመረጥሽ አልጠይቅሽም።

በመጨረሻ፣ ድምፅ ሰጥተሽ ዘወር እንዳትዪ። በጀት ዓመቱ ሐምሌ 1 ይጀምራል፤ ምክር ቤቱ ገንዘቡን ለምን እንደመደበው ተከታተዪ። ውሃ ያለሽ ሰው ለውሃ ስንት እንዳስያዘ ከደብተርሽ ጋር አስተያዪ። ካላስያዘ ሰፈር ሲመጣ በአክብሮት ግን ሳትለሳለሺ ጠይቂው። አስተዋይ ልጅ እንደሆንሽ አውቃለሁ፣ ለዚህ ነው የምጨቀጭቅሽ። በይ አሁን ተነሺ፣ ተመዝገቢና ካርድሽን አሳዪኝ።